ከመሬት ስለሚወጡ የጥንት ገንዘቦች አጸዳድና አያያዝ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በነቀምቴ ከተማ የተሰጠ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል፤ ይኸውም የዛገ ገንዘብ ከመሬት ሲወጣ እንዴት ይጸዳል የሚል ነው። ነገር ግን በሙያችን ውስጥ በአንድ ጠዋት ተፈጽመው ለዘለዓለም ከማይታረሙት ስሕተቶች አንዱ የሚደርሰው በዚሁ ሥራ ላይ ነው።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ሽማግሌ የቤት መሠረት ሲያስቆፍሩ ያገኙትን ገንዘብ በጨርቅ ቋጥረው አመጡልኝ። አረንጓዴ ዝገት ስለ ሸፈነው መዳብ መሰለኝ። በሎሚና በአመድ አሸሁት፤ አልለቅ ሲለኝም በአሸዋ ፈተግሁት። በመጨረሻ የሚያብረቀርቅ ማርትሬዛ ሆኖ ወጣ። ደስ ብሎኝ ሳሳያቸው ሽማግሌው ገልብጠው ገልብጠው ተመለከቱትና «ልጄ፣ ብሩስ ነጣ፤ የሴትዮዋ ፊት የት ሄደ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የጥያቄያቸው ክብደት የገባኝ ቆይቶ ነው። ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የምንለው ገንዘብ የተቀረጸበት ዘመን ምንም ይሁን ምን፣ የሚታይበት ቁጥር ንግሥቲቱ የሞተችበት 1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከቪየና ሌላ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሮም፣ ከዚያም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ተቀርጿል። ሮም መቅረጽ የጀመረችው ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ቁጥሩ አንድ ስለ ሆነ አንዱን ብር ከሌላው የሚለዩት በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ እንቁዎች፣ የንስሩ ላባዎችና የመሳሰሉት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው። በአመድና በአሸዋ ሲታሹ ቀድመው የሚጠፉትም እነዚሁ ናቸው። ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ይወጣበት በነበረው በወለጋ ምድር አንድ ብር ከወረራው በፊት የመጣ ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ የገበያውንና የቤቱን ታሪክ መጠየቅ ነው። እኔ መልሱን በሎሚ አጥቤ ደፋሁት።

መዳብ መስሎኝ መሳሳቴም ምክንያት ነበረው። ማርትሬዛ ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። መሬት ውስጥ ሲቆይ መዳቡ ከብሩ ቀድሞ ይበላና ላዩን አረንጓዴ ቅርፊት ያለብሰዋል። ስለዚህ የገንዘቡን ዓይነት በቀለሙ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ከዚህ የባሰ ጥፋት የሚደርሰው በአክሱም ገንዘቦች ላይ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከብርና ከነሐስ ባሠሯቸው አንዳንድ ገንዘቦች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ እጅግ ስስ ወርቅ ተለብጦ ይገኛል። ይህ ወርቅ ከቅርፊቱ ሥር ተደብቆ ሊኖር ስለሚችል፣ ዝገቱን በአሲድ የሚያነሣ ሰው ወርቁንም አብሮ ያነሣዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ምንም ሳይነካ ይመዘን፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ የተገኘበት ሥፍራና ጥልቀት ይጻፍ። ቀጥሎ አፈሩን ብቻ ለማስለቀቅ አሲድ ያልገባበት የተጣራ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የደረቀውን ጭቃ በማጉያ መነጽር እያዩ በእንጨት ስንጥር ወይም በጃርት እሾህ ጥቂት በጥቂት ማንሣት ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ አመድ፣ አሸዋና የጥርስ ሳሙና ፈጽሞ አይቅረቡ። ለስላሳና ጠንካራ የሆነው ጥቁር አረንጓዴ ሽፋን ገንዘቡን ይጠብቀዋልና ይተው። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ብቅ ካለ ግን የነሐስ ደዌ ነው፤ በብረቱ ውስጥ የቀረው የጨው ባሕርይ ከእርጥበት ጋር ተባብሮ እየበላው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ለብቻው ተለይቶ፣ እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል በገባበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ባለሙያ ይላክ። ክረምቱ ረጅም በሆነበት በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ይህ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ብረታ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ አንድ ቃል ልጨምር። መሣሪያው ድምፅ ሲያሰማ መሬት ውስጥ ብረት መኖሩን ይናገራል እንጂ፣ ከብረቱ ጋር ያለውን ሸክላ፣ አመድና የቤት ወለል አይናገርም። ገንዘቡ ተነቅሎ ሲወጣ ይህ ሁሉ ማስረጃ ይበተናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን የከለከለው፣ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያስታውቅ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ገበሬው ያገኘውን ይዞልን ሲመጣ እንደ ወንጀለኛ ብናየው ሁለተኛ አይመጣም። በአክብሮት ተቀብለን፣ ከየት እንዳገኘው ጠይቀን፣ «ስላላጠብከው እግዚአብሔር ይስጥልን» ብንለው የበለጠ እንጠቀማለን።

እኒያ ሽማግሌ ብሩን ለቤተ መዘክሩ ሰጥተው ሄዱ። አዲስ ባልደረባ በመጣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሜ የማሳየው እርሱን ነው። ያበራል፤ የሚነበብ ነገር ግን የለውም።