ውጭ ላላችሁ ወገኖቻችን፦ አዲስ አበባ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት

(ውጭ አገር ለሚኖሩ የጎጃም ልጆች በበይነ መረብ በተዘጋጀ ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ያመለጣችሁ ስለጠየቃችሁን ሙሉውን በጽሑፍ አቅርበነዋል። አንብቡት፣ ለሚመለከተው ወገን ሼር አድርጉት።)

አንዳንዶቻችሁ ከሌሊት ፈረቃ እንደገባችሁ፣ ሳትተኙ ነው የምትሰሙኝ። ስለዚህ ነገር አላበዛም።

እኔ የመራዊ ልጅ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፣ ሥራ ግን አላገኘሁም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሥራ ስለሌለኝ ነው ቤት ፈላጊ የተደረግሁት። አክስቴ አሜሪካ ከገቡ 20 ዓመት አልፏቸዋል፤ ሆቴል ያጸዳሉ፤ ዜግነታቸውም የአሜሪካ ሆኗል። አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ደወሉልኝና «አንተ እንደሆንክ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ነው የምትውል፤ በዚያው ለእኔም ደህና ሰፈር እይልኝ» አሉኝ። አምስት ወር ዞርኩ። ያየሁትንም፣ ያጠፋሁትንም ልንገራችሁ።

ከሰፈሩ በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ እናንተ በሕግ ፊት ማን ናችሁ? «እኔማ ኢትዮጵያዊ ነኝ» ትሉኛላችሁ። ልባችሁ ነው እንጂ ፓስፖርታችሁ እንደዚያ አይልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 390 መሠረት የውጭ ዜጋ ያለ ልዩ ፈቃድ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን አይችልም ነበር። ይህን ክልከላ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያነሳው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። ቢጫ ካርድ የምንለው መታወቂያ የመጣው ከዚህ አዋጅ ነው። ስለዚህ ፓስፖርት የቀየራችሁ ወገኖቼ፣ ደላላ ከመደወላችሁ በፊት ቢጫ ካርዳችሁን አውጡ፤ ያላችሁም ጊዜው እንዳላለፈ እዩ።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ሌላ አዋጅ አጸደቀ፤ አዋጅ ቁጥር 1388/2017። ይኸኛው በትውልድም ኢትዮጵያዊ ላልሆነ የውጭ ዜጋ በር ከፍቷል፤ መነሻው 150 ሺህ ዶላር ነው። በ130 ብር ሂሳብ ብትመቱት 19 ሚሊዮን ተኩል ብር ይሆናል። ሌሎች አገሮች ለባዕድ ሲከፍቱ ድንበር ያበጃሉ። ዱባይ የውጭ ሰው ሙሉ ባለቤት የሚሆንባቸውን ሰፈሮች ለይታ አስቀምጣለች። ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ የውጭ ዜጋ መሬት በሊዝ እንጂ በባለቤትነት እንዳይዝ፣ ሊዙም ከ99 ዓመት እንዳይበልጥ ደንግጋለች። እኛም ዘንድ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም። የምትገዙት ቤቱን ነው፤ መሬቱ ሊዝ ነው። ይህን ሳያውቅ «መሬት ገዛሁ» የሚል ወገን ብዙ ነው።

አሁን ወደ ሰፈሩ እንምጣ።

ቦሌን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፣ ሱቁም ካፌውም በእጅ ነው። ነገር ግን ከምትከፍሉት ዋጋ ብዙው የስሙ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ ምሽት አንድ ሰዓት ቆሜ መብራት የበራበትን መስኮት ቆጠርኩ። ከ40 በላይ ቤት ካለበት 9 ብቻ በርቷል። ጥበቃውን «ሰዎቹ የት ሄዱ?» ብለው «ባለቤቶቹ ውጭ ናቸው፤ ለክረምት ይመጣሉ» አለኝ።

ሳር ቤትና ቢሥራተ ገብርኤል የኤምባሲና የአፍሪካ ኅብረት ሰው የሚበዛበት ነው። ጸጥታው ደስ ይላል። ኪራዩ በዶላር ለሚያስብ ተከራይ ስለሆነ ለማከራየት የሚገዛ ሰው ይመርጠዋል። ለአክስቴ ግን አቅሙም አልነበረንም።

ሲኤምሲና አያት ሰፋ ያለ ነው፣ አየሩም ጥሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ከአያት ጦር ኃይሎች ስለሚደርስ መንገዱ ቀላል ይመስላል። ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተሳፍራችሁ ሞክሩት። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለቱ ባቡር ሞልቶ አልፎኝ በሦስተኛው ነው የገባሁት።

ከዚያ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፤ የመንግሥት ኮንዶሚኒየሞቹ። ዋጋቸው ይቀላል። ነገር ግን አብዛኞቹ አራት ፎቅ ያላቸው፣ ሊፍት የሌላቸው ናቸው። አክስቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዛሬ በቪዲዮ ስታዩት ሦስተኛ ፎቅ ምንም አይደለም፤ ጡረታ ወጥታችሁ አንድ ጀሪካን ውኃ ይዛችሁ ስትወጡ ግን ሌላ ነው። ውኃ በፈረቃ ነው። ስለዚህ ሻጩን አትጠይቁት፤ ጎረቤት ያለችውን እናት ጠይቋት፦ «እማማ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶው የጋራ ነው የግል?» እሷ አትዋሽም። ሰፈሩን በቀንም በማታም እዩት። ዝናብ በዘነበ ማግስት እዩት። የሕንፃው ማኅበር ይሰበሰባል ወይ? እድር አለ ወይ? አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖራቸው ያዛል። ማኅበሩ በሞተበት ሕንፃ ኮሪደሩ መብራት የለውም፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ማን እንደሚጠግነውም አይታወቅም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ሰሚት አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ አገኘሁ። ዋጋው ከሌላው በጣም ይቀንሳል። ሻጩ ቁልፍ ከተረከበ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ደግሞ 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይፈቀድለትም። ደላላው «ችግር የለም፣ በውክልና እናደርገዋለን፤ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚገዛው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ይገዛል። እኔም የተማርኩ ነኝ ባይ፣ ካፌ ቁጭ ብዬ በአንድ ወረቀት 200 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ለካ ሰውየው ለሌላ ሰውም ውክልና ሰጥቷል። ስልኩ ተዘጋ። ደላላውም «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም» አለ። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፍ እንዲመልስ ሕጉ ይላል። እጥፉን ለማስከፈል ግን ሕጋዊ ውል ሊኖራችሁ ይገባል። እኔ በእጄ ያለው ደላላ የጻፈው ቁራጭ ወረቀት ነበር።

200 ሺህ ብር በዚያው በ130 ሂሳብ ከ1,500 ዶላር በላይ ነው። አክስቴ ያን ያህል ለማግኘት ስንት አልጋ እንደሚያነጥፉ አስቡት። ስነግራቸው አልተቆጡም፤ «እሺ» ብለው ዘጉት። ለሦስት ሳምንት አልደወሉልኝም። ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል።

ስለዚህ ከእኔ ተማሩ። በውክልና ቤት አትግዙ። ወካዩ ከሞተ ውክልናውም ያበቃል፤ ያኔ ከወራሾቹ ጋር ነው የምትፋጠጡት። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መፈረም አለበት። ከመክፈላችሁ በፊት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው መስማማቱን፣ እዳና እገዳ እንደሌለበት አስጣሩ። የባንክ እዳ ያለበት ኮንዶሚኒየም ብዙ ነው። እኔን የመሰለ የወንድም ልጅ ብቻ አትላኩ፤ ጠበቃ ያዙ። ለጠበቃ የምትከፍሉት እኔ ካቃጠልኩት ያነሰ ነው።

ሌላ ነገር። ካዛንቺስን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ያየ ሰው ያውቃል፤ ስንት ዘመን የኖረበት ሰው በኮሪደር ልማቱ ዕቃውን ጭኖ ወጣ። ቀድሞ ፒያሳም እንዲሁ። ነገ እዚያ የሚቆመውን አፓርታማ ማስታወቂያው በስልካችሁ ላይ ይመጣል፤ የመዋኛ ገንዳም ይኖረዋል። አትግዙ አልላችሁም። ግን «ከዚህ በፊት እዚህ ማን ነበር? የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቀዬው መነሳት ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። የእኛን ሰው ከወለጋ፣ ከመተከል ሲያፈናቅሉት የጮኽን ሰዎች፣ የሌላው ጓዝ ሲጫን አይተን እንዳላየን ማለፍ የለብንም።

በእኛ በንቅናቄው ልጆች መካከል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። አንዱ «ዶላራችሁን አዲስ አበባ አትቅበሩ» ይላል። ሌላው «አዲስ አበባ የእኛ ናት፣ ግዙ!» ይላል። እኔ የምለው ይኼ ነው፦ አዲስ አበባ የእኛ አይደለችም የሚለውን አልቀበልም፤ የእኛ ብቻ ናት የሚለውንም አልቀበልም። አማራ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ቤት ሠርቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር ቡና ጠጥቶ የመኖር መብት አለው። ይህ ነው ጥያቄያችን። ጥያቄያችን ይህ ከሆነ ደግሞ የምንገዛው ቤት ሰው የሚኖርበት ይሁን። የተቆለፈ ቤት ጎረቤት አይሆንም።

«ለምን ባሕር ዳር አልፈለግህላቸውም?» የምትሉኝ አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የጠየቁኝም እሱን ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ወዲያ ማዶ ያለውን የከተማውን ክፍል አቅርቦታል። ከመራዊ ደግሞ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሰላም ቢሆን ኖሮ ጥያቄም አልነበረው፤ ቅዳሜ የመራዊን ገበያ ውለው ማታ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ግን በጥር 2016 ዓ.ም. መራዊ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ኢሰመኮ ማንነታቸውን ያረጋገጠው ብቻ ቢያንስ 45 ሲቪሎች ተገድለዋል። አክስቴ ከዚያ ወዲህ መራዊን ሲጠሩ ድምፃቸው ይቀንሳል። «አገሬ ልግባ ብዬ ነው ቤት የምፈልገው፤ መንገዱ ተዘግቶ አዲስ አበባ ከምቀመጥ ግን…» ብለው አይጨርሱትም። ይህን በምን ካርታ፣ በምን ሰነድ እንደማስጣራ አላውቅም።

በመጨረሻ የተገኘው ገርጂ ነው። ገርጂ የኮንዶሚኒየም ግንባታ መጀመሪያ የተሞከረበት ሰፈር ነው። ስለዚህ አሮጌ ነው፤ ቀለሙ ለቋል፣ በቪዲዮ አያምርም። ግን አምስት ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፣ ካርታው በሻጯ ስም ነው፣ እዳ የለበትም፣ አንደኛ ፎቅ ነው። ሻጯ ልጆቻቸው ዘንድ የሚሄዱ እናት ናቸው። ቤቱን ላይ የሄድኩ ቀን ከታች ቤት ያሉት ሴትዮ «ማን ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው «ብቻቸውን ናቸው? እድር እንዲገቡ ንገራቸው» አሉኝ። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው ስለ ዋጋው ሳይጠይቁ «እሱን ያዘው» አሉኝ። በጠበቃ ተዋዋልን።

አንዱን መኝታ ቤት ለራሳቸው ቆልፈውታል። ሌላውን ለሁለት አስተማሪዎች፣ ባልና ሚስት፣ አከራይተነዋል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ነው፤ አስመዝግበናል። ኪራዩ በየወሩ የሚሄደው መራዊ፣ አያቴ ዘንድ ነው።

ወገኖቼ፣ ሰፈር ስትመርጡ ይህን ቅደም ተከተል ያዙ፦ መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ውኃውና ደረጃው፣ መጨረሻ ስሙ። ብዙዎቻችን ከስሙ ነው የምንጀምረው። ገዝታችሁ የማትኖሩበት ከሆነ ለሚኖርበት ሰው አከራዩት። በዚያች ከተማ እንደ እኔ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚያድሩ ምሩቆች ሞልተዋል፤ ማታ ማታ ጨለማ መስኮት እየቆጠሩ ነው የሚገቡት።

እኔ ያቃጠልኩትን 200 ሺህ ብር አክስቴ እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም። ሥራ ስይዝ የመጀመሪያው ደመወዜ የት እንደሚሄድ ግን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ለአገራችን ሰላሙን ያምጣልን። ባሕር ዳርም፣ መራዊም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም ቤት የምትፈልጉበት ቀን ይምጣ። ያን ቀን ደውሉልኝ፤ አሁን አሠራሩን ችዬዋለሁ።