ስለ ነፍሳት በል አትክልት አያያዝ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያሰማው ንግግር)



ባለፈው ክረምት ከአንድ አባላችን በስጦታ ተቀብለን ለ7 ቤት ያከፋፈልነው ነፍሳት የሚበላ አትክልት ዛሬ በ4 ቤት ብቻ ነው የቀረው። የሦስቱ ቤት ሞቷል። ይኼም ካለቀ የሚተካ ስለሌለን፣ አያያዙን እንዳስረዳ ኮሚቴው አዞኛል።

በየቤቱ እየዞርኩ አጣርቻለሁ። በአንዱ ቤት ፍግ ተጨመረለት። በሌላው ቤት የቧንቧ ውኃ ሲጠጣ ከረመ። በሦስተኛው ቤት ልጆቹ ሥጋ እየቆረጡ ጣሉበት። ሁሉም ለደግ ታስቦ ነው፤ ዳሩ ግን ይኼ አትክልት የሚሞተው በደግነት ነው።

ስሙ ዩትሪኩላሪያ ሊቪዳ ይባላል። የፈረንጅ አበባ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በእርጥብ ቦታ የሚበቅል ነው፣ በሜክሲኮም አለ። ዩትሪኩሉስ በላቲን ትንሽ የቆዳ ከረጢት ማለት ስለሆነ፣ እኛ ስልቻ ብንለው ያምርበታል። ሥር የሚባል ነገር የለውም። በአፈሩ ውስጥ እንደ ክር የሚሄድ ግንድ አለው፤ በሱ ላይ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ ስልቻዎች ተንጠልጥለዋል። ስልቻው በውስጡ ያለውን ውኃ ወደ ውጭ ሲያስወጣ ጎኑ ይሰረጉዳል። አንዲት ደቃቅ ነፍሳት በሩ ላይ ያለውን ፀጉር የነካች እንደሆነ በሩ ብርግድ ይላል፣ ስልቻው ይነፋል፣ ውኃውም እሷም ተስበው ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል። ይኼ ሁሉ በቅጽበት ነው! የእንግሊዙ ሊቅ ዳርዊን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ ነፍሳቱ ራሳቸው በሩን ገፍተው የሚገቡ መስሎት ነበር። ዓይን አይደርስበትማ።

እንግዲህ አፉ ይህን ያህል ጠባብ ሆኖ ሥጋ ምን ያደርግለታል? በላዩ ይበሰብስበታል እንጂ። ምግቡን እርጥብ አፈሩ ውስጥ ራሱ ያገኛል። ተፈጥሮው ድኻ መሬት ላይ ስለሆነ ፍግም ሆነ የፋብሪካ ማዳበሪያ ያቃጥለዋል። አፈሩ ማዳበሪያ ያልተቀላቀለበት ፒት ይሁን፤ እኩል በታጠበ አሸዋ ይደባለቅ። አሸዋው ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ተዉት። ዕቃው ከታች የተበሳ ፕላስቲክ ይሁን፤ የሸክላ ማሰሮ ጨው ያወጣል።

ዋናው ነገር ውኃው ነው። የዝናብ ውኃ ስጡት። ክረምት ሲገባ ንጹሕ ባልዲ ደጅ ላይ አስቀምጡ፣ ጄሪካን ሞልታችሁ ክደኑት፣ ለበጋው ይሆናል። ያለቀበት ሰው ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውኃ ይግዛ፤ ታዲያ በስሕተት አሲዱን እንዳይሰጧችሁ አደራ። «የቧንቧውን አፍልቼ ሰጠሁት» ያሉኝ አሉ፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ጨው አይቀንስም። አምቦ ውኃማ ጭራሽ አይታሰብም።

ዕቃውን ሳህን ላይ አስቀምጡና ሁለት ጣት ያህል ውኃ ከሥሩ አይጥፋ። አንዲት እናት «ቢምቢውን ይጨርስልናል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ውኃ ላይ የሚንሳፈፉት ዘመዶቹ የቢምቢ እጭ ይይዛሉ፤ የኛው ስልቻ ግን ለዚያ አይበቃም። እንዲያውም ሳህኑ ራሱ ቢምቢ እንዳይፈለፍል በየሳምንቱ ውኃውን ድፉና ሳህኑን ፍቃችሁ አዲስ ጨምሩ።

አበባን በሚመለከት፣ ብርሃን ካላገኘ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። የጧት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ይበቃዋል። ሲመቸው እንደ ክር የቀጠነ ዘንግ ያወጣና ሐምራዊ አበባ ያብባል፣ መሐሉ ብጫ ነው። ትንሽ ናት፤ ቀርባችሁ ካላያችሁ አታዩዋትም። ዕቃውን ሲሞላው አንድ ማንኪያ ያህል ከነአፈሩ ቆርሳችሁ ሌላ ዕቃ ላይ ብትተክሉ ይይዛል።

ልጆች በፊልም ያዩትን እንደ ወጥመድ ዝንብ የሚከድነውን አትክልት ግዙልን ይላሉ። እሱ የአሜሪካ የካሮላይና አገር ተወላጅ ነው፣ ክረምቱን በብርድ መተኛት ይፈልጋል፤ ለአዲስ አበባ እኔ አልመክርም። ቅጠሉ እንደ ሙጫ የሚይዘው ድሮሴራ ይሻላል፣ አያያዙም ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ። ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ዓይነት ከውጭ ያመጣ ሰው ቢኖር፣ ሲሰለቸው ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ እንዳይጥለው፤ አድርቆ ያቃጥለው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ በሌላ አገር ለአበባው ውበት ሲባል በየኩሬው ይተከል የነበረ አትክልት ነው። ከኛም ረግረግ ማንም ሄዶ እንዳይነቅል።

አራቱ ቤቶች ከያዙት ቆርሰው ለመስጠት ፈቅደዋል። የሞተባችሁ ሦስታችሁ በሚመጣው እሑድ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ የተበሳ የፕላስቲክ ዕቃና አንድ ጠርሙስ የዝናብ ውኃ ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ኑ።