ለትልልቅ አራዊት አደን ስለሚበቃ መሣሪያ



የዛሬው ርእስ ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ዝሆን፣ ጎሽና አንበሳ ባሉበት ቆላ የሚያስተምር መምህር፣ ተማሪዎቹ የአዳኝን ፉከራ ከፊደል ቀድመው ሰምተው እንደሚመጡ ያውቃል። በፉከራው የሚወደሰው የወደቀው ግዳይ ነው፤ ቆስሎ ጫካ የገባው አይነሣም። የመሣሪያ ምርጫ ጉዳይ ግን ይልቁን የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ የአደን ታሪክ ስሙ ደጋግሞ የሚጠራው ስኮትላንዳዊው ቤል ነው። ይህ ሰው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዑጋንዳ በካራሞጃና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ከ1,000 የሚበልጡ ዝሆኖችን ገደለ፤ አብዛኞቹንም የጣለው በ7 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው። የጥይቱ አረር ክብደት 11 ግራም ያህል ብቻ ነበር። ይህን የሰሙ ብዙ ሰዎች «እንግዲያው ቀላል ጠመንጃ ይበቃል» ብለው ፈረዱ። ቤል ግን የዝሆንን የራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ፣ አንጎሉ የሚገኝበትን ስፍራ ከየአቅጣጫው አጥንቶ ነበር። የዝሆን ግንባር እንደ ማር እንጀራ ባዶ ክፍሎች የሞሉበት ወፍራም አጥንት ነው፤ አንጎሉም ወደ ኋላ ገብቶ ስለ ተቀበረ፣ ትንሽ አረር በአንድ ስንዝር ቢስት ዝሆኑ ቁስሉን ይዞ ይሄዳል። የቤልን ጠመንጃ መዋስ ይቻላል፤ የቤልን እጅ ግን ማን ያውሳል?

እንግዲህ በቂ መሣሪያ የሚባለው፣ ተኳሹ በመልካም ቀን ሊገድልበት የሚችለው ሳይሆን፣ እጁ ጥቂት ቢዘነፍም አጥንትና ሥጋ ሰብሮ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ነው። የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው የ9.5 ሚሊሜትር ጥይት 19 ግራም ያህል የሚመዝን አረር ይወነጭፋል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣም ኃይሉ የቤልን ጥይት ሁለት እጥፍ ያህላል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አራዊት የተፈቀደው ዝቅተኛ ልክ ይህ ነው። የአረሩም ዓይነት ይለያል፤ ለዝሆን ቅርጹን ሳይለውጥ ጠልቆ የሚገባው፣ ለአንበሳ ደግሞ ሥጋ ሲነካ የሚሰፋው ይመረጣል። ከዚህም የሚከብድ ጠመንጃ አለ፤ ነገር ግን ሰደፉ ትከሻውን ሲመታው የሚፈራ ሰው ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናልና፣ የኃይሉ ብዛት አይጠቅመውም።

በኢትዮጵያ ብዙ የተሠራበት ውጅግራ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ይተኩስ ነበር። ክብደቱ ከፍ ያለ ቢሆንም ለስላሳና ዘገምተኛ ስለ ነበረ፣ በዝሆን አጥንት ላይ ይደፈጠጣል። ቁመቱና ድምፁ ያስፈራ እንደ ሆነ እንጂ ለዚህ ሥራ የሚበቃ አልነበረም።

ቆስሎ ያመለጠ አውሬ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት ከአፍሪካ ውጭ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይገባል። ኋላ በኬንያ ንዬሪ ኖሮ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1955 ያረፈው ጂም ኮርቤት፣ በ1907 በሕንድ ቻምፓዋት አንዲት ሰው በላ ነብር ገደለ። ኮርቤት እንደ ጻፈው በኔፓልና በሕንድ 436 ሰዎች በልታ ነበር። ሬሳዋ ሲታይ በቀኝ በኩል የላይኛውና የታችኛው የውሻ ክራንቻዋ ተሰብረው ተገኙ፤ ምክንያቱ የቆየ የጥይት ቁስል ነበር። እንግዲህ ከተኳሹ ያመለጠችው ነብር የተፈጥሮ ምግቧን ማደን ተሳናት፤ ዕዳውን የከፈሉት ግን እንጨት ለቀማና ሣር አጨዳ የወጡ የመንደር ሰዎች ናቸው።

በናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1934 በተመሠረተው የባለሙያ አዳኞች ማኅበር ዘንድ፣ የቆሰለን አደገኛ አውሬ ተከትሎ መጨረስ የአዳኙ ግዴታ ነበር፤ ወደ ሰፈር ተመልሶ መተኛት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ኬንያ በ1977 አደንን ፈጽማ ከልክላለች፤ በታንዛኒያና በኢትዮጵያ ግን በፈቃድ ይካሄዳል፤ ስለዚህም ግዴታው አላረጀም። የደም ዱካ ተከትሎ ጎሽ ወደ ተኛበት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ የሚገባ ሰው፣ በመካከላቸው የሚቀረው ምናልባት አሥር እርምጃ ነው። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ለዚህ ጊዜ ሁለት አፈሙዝ ያለውን ጠመንጃ ይመርጡ የነበረው፣ ዳግመኛ ማቀባበል ሳያስፈልግ ሁለተኛው ጥይት ዝግጁ ስለሚሆን ነው።