ወቅታዊ ሠራተኛና የሥራ ግንኙነት ሕጋችን፦ ከኢዲዶ የቡና አልጋ ሲታይ



የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዋጅ ቁጥር 377/1996ን ሲተካ የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን፣ የመጀመሪያውን ዓመት የዕረፍት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን፣ ዝቅተኛውን የቅጥር ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጓል። ስለዚህ ማሻሻያ ስንወያይ ብዙ ጊዜ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። እኔ ግን ዛሬ ጉዳዩን በይርጋጨፌ በኩል፣ ከኢዲዶ ልመለከተው እወዳለሁ።

እሸት ቡና ሲደርስ ሥራው ፋታ አይሰጥም። የተለቀመው እሸት ሳይፈለፈል ከሰነበተ ጥራቱ ይጎዳል። ከተፈለፈለና ከታጠበ በኋላ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ እንከን ያለበትን ፍሬ እየለቀሙ የሚያወጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ወቅቱ ሲያልፍ ጣቢያው ይዘጋል፣ ሠራተኛውም ይበተናል። በዓመቱ ብዙዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሆኖም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይቆጠራሉ።

ሕጉ ይህን ሥራ አልዘነጋውም። የአዋጁ አንቀጽ 10 በዓመት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚከናወን፣ ነገር ግን በየዓመቱ የሚደጋገም ሥራ ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ ውል እንዲሠራ ይፈቅዳል። እንግዲህ ወቅታዊነቱ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ የሠራተኛነትን መብትም አያስቀርም። ችግሩ ማስረጃ ነው። በቃል ተቀጥራ በቃል የተሰናበተች ሴት ምን ያህል ጊዜ እንደሠራች፣ በስንት ብር እንደተስማማች በምን ታስረዳለች?

መልሱ በአዋጁ ውስጥ አለ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ መግለጫ ለሠራተኛው ይሰጣል። ሥራው ሲያበቃም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። እነዚህ ወረቀቶች በየዓመቱ ሲጠራቀሙ የአንዲት ሠራተኛ የሥራ ታሪክ ይሆናሉ።

ይህ ለአነስተኛ ጣቢያ ሸክም ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ ሊናቅ አይገባም፤ የቡና ዋጋ ይዋዥቃል፣ ወቅቱም አጭር ነው። ነገር ግን እሸቱ ሲረከብ ክብደቱ ይመዘገባል። ኪሎውን መመዝገብ ከተቻለ የሠራተኛዋን ስምና የሥራ ቀን መመዝገብ እንዴት ያቅታል?

ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኞች ይበቃሉ። ይሁንና በሦስት ወር የሚበተን ሰው ማኅበር ለማጽናት ጊዜ የለውም። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም መጠኑን ራሱ አልወሰነም። ስለዚህ ወቅታዊ ሠራተኛ የምትደራደረው ብቻዋን ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን መልክዓ ምድር ያቆየው የሰው ጉልበት ነው፤ ጉልበቱም መመዝገብ ይገባዋል። የሕግም ሆነ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታችሁን ስታቅዱ ከዚህ ጥያቄ ብትጀምሩ ለአካባቢያችን ትልቅ ውለታ ትውሉለታላችሁ።