ከባንኮኒው ጀርባ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ጆሃንስበርግ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ ሥራ ትንሽ ተናገር» ብሎኛል። ስለ ትርፍ፣ ስለ ኪራይና ስለ ፔፐር የማወራ የመሰላችሁ ካላችሁ፣ እሱን በየቡናው ላይ እናወራዋለን። እኔ የማነሣው ሱቅ ከተዘጋ በኋላ፣ ሰው ጎኑን ሲያሳርፍ የሚመጣበትን ጥያቄ ነው፤ «ዕድሜዬን የምጨርሰው በምንድን ነው?» የሚለውን። ከወጣቶቻችን አፍ አዘውትሬ እሰማዋለሁ። በሒሳብ ወይም በባዮሎጂ ዲግሪ ይዞ የመጣ ልጅ ካልሲና ብርድ ልብስ ሲሸጥ አምስት ዓመት ያልፈዋል። ገንዘብ አላጣም። የሚለው ግን «ባዶ ሥራ ነው» ነው።

ይህ ቃል የእኛ ብቻ አይደለም። ለንደን ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ዴቪድ ግሬበር እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ጉዳይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ በ2018 ደግሞ አስፍቶ መጽሐፍ አደረገው። በሀብታሞቹ አገሮች ብዙ ሰው ጥሩ ደመወዝ እየበላ፣ ከረባት አስሮ ቢሮ ተቀምጦ፣ ሥራው ነገ ቢቀር ማንም እንደማይጎዳ በልቡ ያውቃል ነው የሚለው። በ2015 ዩጎቭ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት የብሪታንያን ሠራተኞች ሲጠይቅ፣ ከመቶው 37ቱ ሥራቸው ለዓለም የረባ ነገር እንደማይጨምር ተናግረዋል። ልጆቻችን በሥዕል እያዩ የሚመኙት መስታወት ፎቅ ውስጥ ማለት ነው!

ግሬበር አንድ መፈተኛ አለው፤ ይህ ሥራ ቢጠፋ ማን ያውቃል? እስቲ በራሳችን ላይ እንሞክረው።

ሎኬሽን ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ ውሰዱ፤ ሶዌቶም ይሁን ቴምቢሳ። ገና ሳይነጋ ይከፈታል። ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው ዳቦ ይገዛል። ሕፃን ሳንቲም ጨብጦ ለአንድ እንቁላል ይላካል። ትልቁ ሱፐርማርኬት አንድ እንቁላል አይሸጥም፤ ግማሽ ዳቦም አይቆርጥም። ጎጎዋ ጡረታዋ እስኪገባ ድረስ ስኳሩንና ዘይቱን በዱቤ ትወስዳለች፤ ስሟ ደብተር ላይ ይጻፋል። ሌሊት ሕፃን ሲታመም ኤርታይም ተፈልጎ የሚንኳኳው የዚያው ሱቅ መስኮት ነው። ይህ ሱቅ አንድ ቀን ቢዘጋ መንደሩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ያውቃል። ጄፒም እንዲሁ ነው። መንግሥት መንገዱን ራሂማ ሙሳ ብሎ ቢሰይመውም እኛ ጄፒ ማለታችንን አልተውንም። ዱሮ የሐኪሞች መመርመሪያ የነበረው የሜዲካል አርትስ ሕንፃ ዛሬ ከወለል እስከ ወለል ሱቅ ነው። ከዚምባብዌ፣ ከሞዛምቢክና ከማላዊ የሚመጡ ሴቶች ዕቃ ገዝተው፣ በዚያ ሽያጭ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። እኛ አናያቸውም፤ ግን አሉ።

ስለዚህ የለንደኑ ቢሮና የእኛ ባንኮኒ በሽታቸው ለየቅል ነው። እዚያ ሥራው ራሱ ባዶ ነው። እዚህ ሥራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሠሪው ባዶ ይለዋል።

ሥራው ክብደት እንዳለው ክፉ ቀን አሳይቶናል። በኦክቶበር 2024 ሶዌቶ ናሌዲ ውስጥ ስድስት ሕፃናት ሞቱ። ሲመረመር ቴርቡፎስ የተባለ የእርሻ ፀረ ተባይ ተገኘ፤ በየመንገዱ ለአይጥ ማጥፊያ እየተባለ በሕገ ወጥ መንገድ የሚቸረቸር መርዝ ነው። በቀጣዩ ወር ፕሬዚዳንት ራማፎሳ የስፓዛ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ቀኑ በኋላ እስከ ፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ ተራዘመ። ያን ሰሞን ብዙዎቻችን ያወራነው ስለ ምዝገባው፣ ስለ ሰልፉና ስለ ዛቻው ነበር፤ አይፈረድብንም፤ የውጭ ሰው ሁሉ በጅምላ የተወገዘበት ጊዜ ነው። ግን ከዚያ ጫጫታ ሥር ያለውን ነገር አስተውሉት። ዱቄቱ የት እንደተቀመጠ፣ ብስኩቱ መቼ እንደሚያልፍበት፣ ከጎኑ ምን እንደተደረደረ የሚያይ ሰው የሰው ልጅ ሕይወት በእጁ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ባዶ ማለት እንዴት ይቻላል?

ታዲያ ለምን ባዶ ይሆንብናል? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ትርጉሙን በሙሉ ጠቅልለን አገር ቤት ስላስቀመጥነው ነው። እዚህ ያለው ሁሉ «ጊዜያዊ» ነው። ሃያ ዓመት ጊዜያዊ! ደንበኛው «ማይ ፍሬንድ» ይለናል፤ እኛም መልሰን «ማይ ፍሬንድ» እንለዋለን፤ ስሙን አናውቅም፣ ስማችንን አያውቅም። ዙሉኛችን ከዋጋ አያልፍም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆናል። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ የሚውል፣ እዚያው ከዕቃው መካከል የሚተኛ ልጅ ፊት ቆሞ «ሥራህን ውደድ» ማለት ቀላል አይደለም። በሜይ 2008 በዚህ አገር በተነሣው ሁከት 62 ሰው ሞቷል፤ በ2015ም በ2019ም ሱቆቻችን ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። ፍርግርጉን ያቆመው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። ስለዚህ ውደዱ አልላችሁም። እያንዳንዱ በመንደሩ ያሉትን አሥር ደንበኞች በስማቸው ይወቅ ነው የምለው። ከደግነትም በላይ ይጠቅማል፤ በክፉ ቀን ስምህን የሚያውቅ ጎረቤት በር ላይ ሊቆምልህ ይችላል።

አሁን ወደ ማኅበራችን ልምጣ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ከእኛ በፊት ይህን መንገድ የሄዱበት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎረቤቶቻችን ጉራጌዎች አዲስ አበባ ውስጥ ሸክም ተሸክመው፣ ጫማ ጠርገው፣ መርካቶ ነግደው ባዋጡት ገንዘብ ወደ ትውልድ ቀያቸው መንገድ አስቆርጠዋል። ያን ጊዜ ሊስትሮነትን ማን ያከብረው ነበር? እነሱ ግን ብሩ የት እንደገባ፣ ግሬደሩ የት እንደደረሰ ይከታተሉ ነበር። ከእነሱ የምንማረው ከብሩ ይልቅ ይህን ክትትል ነው።

እኛስ? እኛ የመማሪያ ክፍል እናሠራለን። ጥሩ ነው፤ ይቀጥል። ግን በአንድ እጃችን ክፍሉን እየሠራን፣ በሌላው እጃችን የክፍሉን መምህር እናስመጣለን። የአጎቱ ልጅ ነው፣ የእህቱ ባል ነው፤ ደመወዙ አልበቃው ብሎ «አስመጡኝ» ይላል፤ እኛም ለደላላ እንከፍላለን። ከዚያ የፊዚክስ መምህሩ ጄፒ ላይ መጋረጃ ይሸጣል፤ ተማሪዎቹ ደግሞ መምህራቸው የሄደበትን ዓይተው ደብተራቸውን ይዘጋሉ። የእውነት ትርጉም ያለው ሥራ የነበረውን ሰው አምጥተን «ባዶ ሥራ» ከሚሉት ጋር ደመርነው ማለት ነው። መንገዱም ይታወቃል። በማርች 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኝቷል። እናቶች እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ከዚህ በላይ አልዘረዝርም።

መምህሩ አይምጣ ብሎ መከልከል የማኅበር ሥልጣን አይደለም። የተራበ ሰው ምክር አይበላም። ማድረግ የምንችለው ግን አለ። አንድ ሰው ለማስመጣት ደላላ የሚጠይቀው ገንዘብ ለአንድ መምህር የስንት ዓመት የቤት ኪራይ ድጎማ እንደሚሆን እያንዳንዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስሌቱን ለእናንተ እተዋለሁ። በመጪው ዓመት በጀት ለግድግዳ ከምንመድበው ላይ ተቀንሶ፣ ከከተማ ርቀው ላሉ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን የቤት ኪራይ ድጎማ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። በትንሹ ይጀመር፤ በአንድ ትምህርት ቤት።

ሌላው፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በጅምላ የመግዛት ሙያ ያለው ሰው ሞልቷል። ቻይናው ነጋዴ ጋር ለአምስት ራንድ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው፣ ለማኅበሩ ቆርቆሮ ሲገዛ ግን ዋጋውን እንኳ ጠይቆ አያውቅም! መዋጮውን ሰጥቶ ይሄዳል። ግዥውን የሚከታተል፣ ከሆሳዕና ነጋዴዎች ጋር በስልክ ዋጋ የሚነጋገር ቡድን ይቋቋም። ከባንኮኒው ጀርባ የተማርነው ሙያ አገር ቤትም ያገልግል።

ሦስተኛው ለወጣቶች ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዙሉኛ በደንብ የሚችሉ ልጆቻችን አዲስ ለመጡት ቋንቋ ያስተምሩ። የምግብ ዕቃ አያያዝና የምዝገባውን ሕግ የሚያውቁትም አብረው ያስረዱ። ወንበርና ሻይ አይጠፋም።

ለግዥው ቡድን እስከ አሁን ሦስት ሰዎች ስማቸውን ሰጥተዋል፤ አንዷ እህታችን ናት። ለዙሉኛው ሁለት አሉ። ወረቀቱ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከምሳ በፊት ብትፈርሙ ከሰዓት በኋላ በበጀቱ ውይይት ላይ አብሮ ይቀርባል። የመምህራኑ ጉዳይ ግን ድምፅ ይፈልጋልና እባካችሁ ከምሳ በኋላ አትበታተኑ።