የአባ መላ ፍርድ

ዛሬ ጠዋት ከፒያሳ ብዙ በማይርቀው በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ወደ ሥራ የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። ድልድዩ የሚጠራው በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ በተባሉት የጦር አዝማች ነው።

ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የገቡት በጦርነት ተማርከው፣ ገና በልጅነታቸው ነበር። በ1888 ዓ.ም. የጦር አዝማቹ ፊታውራሪ ገበየሁ ዐድዋ ላይ ሲወድቁ ቦታቸውን የተረከቡት እኚሁ የቀድሞ ምርኮኛ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት የሸዋን ጦር መርተው ድል አደረጉ። ያረፉት በ1919 ዓ.ም. ነው።

ሕዝቡ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያነሣላቸው ፍርድ አዋቂነታቸውን ነው። በፈረስ ጋልቦ ጠላት የሚበትን ጀግና በዘመናቸው ሞልቶ ነበር፤ ጉልበት በእጁ እያለ ቁጭ ብሎ ተበዳይን የሚሰማ ሹም ግን ያኔም ዛሬም ብርቅ ነው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ የተጣሉ ሰዎች ወደ እናንተ ቢመጡ የሁለቱንም ቃል ሳትሰሙ አትፍረዱ። የወደቀውንም ሰው ነገ የት እንደሚደርስ አታውቁምና አትናቁት።