የባትሪ መጋዝ እንዴት ይያዛል?

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ የሥራ መሣሪያ ነው። መሣሪያው መጋዝ ነው። ግን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚስበው መጋዝ አይደለም። ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድም የለውም። ኃይሉን የሚያገኘው ከባትሪ ነው። ከፊቱ አንድ ቀጭን ምላጭ ወጥቷል። ቃታውን ስንጫነው ምላጩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። በሴጌቶ ብረት ስንቆርጥ እጃችን እንደሚመላለሰው ማለት ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። ብዙዎቹ መጋዞች በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ በአንድ ደቂቃ እስከ 3000 ጊዜ ያህል ይመላለሳሉ። ይህ በአንድ ሰከንድ 50 ጊዜ ነው። ዓይን አይከተለውም። እጅም አያመልጠውም።

እንዲህ ያለው መጋዝ ዛሬ የመጣ አይደለም። ሚልዎኪ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ አቅርቦታል። ያን ጊዜ ባለ ገመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊቲየም አዮን የሚባለው ባትሪ ለገበያ ዋለ። ይህ ባትሪ ቀላል ነው፤ ብዙ ኃይልም ይይዛል። ከዚያ ወዲህ በብዙ መሣሪያዎች ላይ ገመዱ እየቀረ መጣ። ዛሬ አናጢውም፣ የቧንቧ ሠራተኛውም፣ አሮጌ ቤት የሚያፈርሰውም ይህን መጋዝ ይሠራበታል። የባሕር ዛፍ ወራጅ ይቆርጣል። ምስማር ያለበትን ጣውላ ይቆርጣል። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ማንም አይክደውም።

ነገር ግን ገመዱ ሲቀር አንድ ነገር አብሮ ቀርቷል። ዛሬ በተለይ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው።

ባለ ገመድ መሣሪያ ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ከተጣለ ሁሉም ሰው ያየዋል። መሣሪያው አይሠራም። ረዳቱም ያውቃል፣ ዋናው ሠራተኛም ያውቃል። የባትሪ መጋዝ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ድምፅ የለውም። ሰው የጠፋ ይመስለዋል። ኃይሉ ግን እዚያው እጀታው ሥር ነው። መጋዙ ተኝቷል እንጂ አልሞተም።

እስቲ ምላጭ ሲቀየር ልብ በሉ። አንዱ እጅ እጀታውን ይይዛል። ጣት ደግሞ በልማድ ወደ ቃታው ይሄዳል። ሌላው እጅ ምላጩን ጨብጧል። በዚህ ጊዜ ሰው ቢጠራችሁ፣ ዘወር ብትሉ፣ ቃታው ጥቂት ቢነካ ምን ይሆናል? ምላጩ በጨበጠው መዳፍ ውስጥ ይመላለሳል።

ስለዚህ ባትሪውን አውጡ። ምላጭ ስትቀይሩ አውጡ። እንጨት ውስጥ የተቀረቀረ ምላጭ ስታላቅቁ አውጡ። መጋዙን ስታጸዱ አውጡ። ወደ ሌላ ቦታ ስትወስዱትም አውጡ። ሥራ ጨርሳችሁ ልጆች ባሉበት ቤት ስታስቀምጡት አውጡ፤ ከፍ ያለ ቦታም አድርጉት።

«ኧረ ለአንድ አፍታ ነው!» የሚል ሰው አይጠፋም። ባትሪ ማውጣትም የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ብዙዎቹ መጋዞች ቃታውን የሚይዝ መቆለፊያ አላቸው። መቆለፊያው ይጠቅማል። ግን ባትሪ የማውጣትን ያህል አይታመንም። ያወጣችሁትንም ባትሪ ኪሳችሁ አትክተቱት። አብሯችሁ የሚሠራው ሰው በሚያየው ቦታ አስቀምጡት። የተነቀለውን ሶኬት ፋንታ ምልክት ይሁናችሁ። ምላጩ ቆርጦ እንደ ጨረሰ ይግላል። ትንሽ ሳይበርድ በባዶ እጅ አትንኩት።

አሁን ደግሞ የንባብ ነገር እናንሣ። በምላጩ ጎን ላይ ጽሑፍ ታትሟል። ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ነው። ቁጥሩ ግን እናንተ የተማራችሁት ቁጥር ነው። አንዱ ቁጥር በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ይነግራል። አንድ ኢንች ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። 6 ጥርስ ያለው ምላጭ ለእንጨት ነው። ለቀጭን የብረት ቧንቧ 18 ጥርስ ያለው ይስማማል። ምስማር ላለበት ጣውላ 10 ጥርስ ያህል ያለው፣ ለምስማር ተብሎ የተሠራ ምላጭ ይሻላል። የእንጨቱን ምላጭ ብረት ላይ ብታስነሱት ጥርሱ ይነክሳል፤ መጋዙን ያንገጫግጨዋል፤ ሊሰበርም ይችላል። ሌላው ቁጥር ደግሞ የምላጩ ርዝመት ሊሆን ይችላል። ካጠራጠራችሁ ማስመሪያ አምጡ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ለኩና ጥርሱን ቁጠሩ። ቁጥር የተማርነው ለዚህ ለዚህ አይደል?

ስትቆርጡ መጋዙን በሁለት እጅ ያዙ። ከምላጩ ሥር እንደ ጫማ ያለ ብረት አለ። ይህ ብረት የምትቆርጡትን ዕቃ አጥብቆ ይንካ። ሳይነካ ሲቀር መጋዙ ይዘላል፤ ክንድ ይመታል። ዕቃውን በሞርሳ እሰሩት። በእግር ረግጦ መያዝ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ግን እግር ሞርሳ አይደለም። ምላጩ ከቆረጠው በኋላ በወዲያ በኩል ምን እንደሚያገኝም አስቀድማችሁ እዩ። ጫፉ ድንጋይ ወይም ብረት ከመታ መጋዙ ወደ ኋላ ይገፋችኋል። መሰላል ላይ ቆማችሁ በአንድ እጅ ቅርንጫፍ ይዛችሁ በሌላው እጅ አትቁረጡ። ስትጨርሱ ቃታውን ልቀቁ፤ ምላጩ እስኪቆም ጠብቁ፤ ከዚያ አውጡት። መከላከያ መነጽር አድርጉ። ነጠላና ሰፊ እጅጌ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ግድግዳ ስትቆርጡ ግን ቆም በሉ። «ገመድ ስለሌለው ኤሌክትሪክ አይዘኝም» የሚል ሐሳብ አለ። ስሕተት ነው። የመጋዙ ባትሪ 18 ቮልት ይሆናል። በግድግዳው ውስጥ ያለፈው ሽቦ ግን 220 ቮልት ነው። ምላጩም ብረት ነው። በመጀመሪያ ከቆጣሪው በኩል መብራቱን አጥፉ። መጥፋቱን አረጋግጡ። ሰው መልሶ እንዳያበራውም ለቤቱ ሰዎች ሁሉ ንገሩ። የውሃ ቧንቧ የት እንዳለፈም ጠይቁ።

ባትሪውን በራሱ ቻርጀር ብቻ ሙሉት። ፀሐይ ላይ አትተዉት። ከምስማርና ከሳንቲም ጋር በአንድ ከረጢት አትክተቱት፤ ብረት ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ ይግላል፤ እሳትም ሊነሣ ይችላል። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ ካያችሁ ሥራ ላይ አታውሉት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

በመጨረሻም ሰው ቢቆረጥስ? ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት። እየከፈታችሁ አትዩት። እጁን ከደረቱ በላይ ከፍ አድርጉ። ቡናና አመድ አትነስንሱበት፤ ቁስል ያመረቅዛል። ጣት ተቆርጦ ከሆነ ጣቱን አትጣሉት። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። ውሃ በማያስገባ ፌስታል ውስጥ አስሩት። ፌስታሉን በረዶ ላይ አድርጉት፤ ጣቱ ራሱ ግን በረዶውን አይንካ። በረዶ ከሌለ ፍለጋ አትዙሩ። ሰውየውንና ጣቱን ይዛችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።